የከንቲባው ድምፅ በሸክላ ላይ፦ ፊዮሬሎ ላ ጓርዲያ እና የኒው ዮርክ ከተማ ራዲዮ

መግቢያ

አንድን የሕዝብ መሪ የሚያጠና ተመራማሪ በቅድሚያ የሚያገላብጠው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና ጋዜጣ ነው። ራዲዮ የመንግሥትና የሕዝብ መገናኛ ከሆነ ወዲህ ግን በእነዚህ ላይ ሌላ ማስረጃ ተጨምሯል፤ እርሱም መሪው ለሕዝቡ የተናገረበት ድምፅ ነው። ይህ ማስረጃ ከወረቀት ይልቅ በቀላሉ ይጠፋል። ያልተቀረጸ ንግግር በተነገረበት ቅጽበት ያልፋል፤ የተቀረጸውም ቢሆን የተቀረጸበት ቁስ እየተበላሸ ሲሄድ አብሮ ይበላሻል። ስለዚህም የድምፅ ቅጂዎችን የማዳን ሥራ ስላለፈው ዘመን ምን ያህል ልናውቅ እንደምንችል ከሚወስኑት ጉዳዮች አንዱ ሆኗል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የኒው ዮርክ ከተማ 99ኛ ከንቲባ የነበሩትን የፊዮሬሎ ላ ጓርዲያን ሕይወት ከከተማዋ የሕዝብ ራዲዮ ጣቢያ ጋር አያይዞ ይቃኛል። ላ ጓርዲያ የተመረጡት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በመጀመሪያ ሊዘጉት ያሰቡትን ጣቢያ በኋላ ዋና የአስተዳደር መሣሪያቸው ያደረጉ መሪ ናቸው። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰዓት የሚፈጁ ንግግሮቻቸው በሸክላ ተቀርጸው ቢቆዩም፣ በሕዝብ ዘንድ የሚታወሱት በአብዛኛው በጥቂት ደቂቃዎች ቅጂ ነው። ከአንድ ሰው ድምፅ የትኛው ክፍል ለትውልድ ይደርሳል? የሚለው ጥያቄ በእርሳቸው ሕይወት ላይ ጎልቶ ይታያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደት፣ ዕድገትና የቋንቋ ትምህርት

ፊዮሬሎ ላ ጓርዲያ ዲሴምበር 11 ቀን 1882 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ግሪኒች ቪሌጅ በተባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው አኪሌ ከደቡብ ጣሊያን ከፎጃ አካባቢ የመጡ ሙዚቀኛ ሲሆኑ፣ እናታቸው አይሪን ኮኸን ሉዛቶ ደግሞ በዚያ ዘመን በኦስትሪያ ሥር ከነበረችው ከትሪየስት ከተማ የመጡ የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ ነበሩ። አባትየው በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሙዚቃ ጓድ መሪ ሆነው ስለተቀጠሩ፣ ልጁ ያደገው ከተወለደበት ከተማ ርቆ በአሪዞና ግዛት፣ በፕሬስኮት ከተማ አጠገብ በነበረ የጦር ሰፈር ነው። በዚያም ከአባቱ ኮርኔት የተባለውን የነሐስ መሣሪያ መንፋት ተማረ።

በ1898 የአሜሪካና የስፔን ጦርነት ሲነሣ አባትየው ለጦሩ በቀረበ የተበላሸ ሥጋ ታመው ከአገልግሎት ተሰናበቱ። ቤተሰቡም ወደ ትሪየስት ተመለሰ፤ አባትየው በ1904 በዚያው ዐረፉ። ላ ጓርዲያ በሕይወታቸው ሙሉ በምግብ ነጋዴዎች ላይ ላሳዩት ጥብቅ ቁጥጥር ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ኀዘን እንደ አንድ መነሻ ይጠቅሱታል።

ወጣቱ ላ ጓርዲያ በቡዳፔስት፣ በትሪየስትና በፊዩሜ በነበሩ የአሜሪካ ቆንስላ ጽሕፈት ቤቶች ሠሩ። ፊዩሜ ብዙ ስደተኞች ወደ አሜሪካ የሚሳፈሩባት ወደብ ነበረች። ስደተኞቹ ውቅያኖስ ተሻግረው በበሽታ ምክንያት እንዳይመለሱ፣ ከመሳፈራቸው በፊት በሐኪም እንዲመረመሩ አጥብቀው በመከራከራቸው ከመርከብ ኩባንያዎችና ከአለቆቻቸው ጋር ተጋጩ። በ1906 ወደ ኒው ዮርክ ተመለሱ፤ ከ1907 እስከ 1910 ድረስም በኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ በአስተርጓሚነት አገለገሉ። በማታው ክፍለ ጊዜም በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ። ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛ፣ ክሮኤሽኛና ዪዲሽ መናገር መቻላቸው ኋላ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ ተወዳዳሪ የማይገኝለት ሀብት ሆኖላቸዋል።

ከኮንግረስ ወደ ከንቲባነት

ላ ጓርዲያ በ1916 ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ የምክር ቤት ወንበራቸውን ሳይለቁ ወደ አየር ኃይል ተመዝግበው፣ አባታቸው በተወለዱበት በፎጃ አካባቢ የአሜሪካን አብራሪዎች ማሠልጠኛ መሩ፤ እስከ ሻለቃ ማዕረግም ደረሱ። ከጦርነቱ በኋላ የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሳሉ በ1921 ከባድ ኀዘን ደረሰባቸው። ሕፃን ልጃቸው ፊዮሬታና ባለቤታቸው ቴያ በዚያው ዓመት ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። በዚሁ ዓመት ለከንቲባነት ለመወዳደር ያደረጉት የመጀመሪያ ሙከራም አልተሳካም።

በ1923 እንደገና ወደ ምክር ቤት ገብተው ለዐሥር ዓመታት የምሥራቅ ሃርለምን ድሆችና ስደተኞች ወከሉ። ከሥራቸው ሁሉ የጸናው በ1932 ከሴናተር ጆርጅ ኖሪስ ጋር ያስወጡት ሕግ ነው። ሕጉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ማቆም አድማን በእግድ የማስቆም ሥልጣናቸውን የገደበ ሲሆን፣ ሠራተኛው ማኅበር እንዳይገባ አስቀድሞ የሚያስፈርም ውልንም ተፈጻሚነት አሳጥቷል። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት ለከንቲባነት ተወዳድረው፣ ታማኒ ሆል በሚል ስም የሚታወቀውን ከተማዋን ለረጅም ጊዜ የተቆጣጠረውን የፖለቲካ ቡድን አሸነፉ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1934ም ሥራ ጀመሩ። ሦስት ጊዜ ተከታትለው ተመርጠው ለ12 ዓመታት አስተዳደሩ። በእነዚህ ዓመታት ከፌዴራሉ መንግሥት በተገኘ ገንዘብ መኖሪያ ቤቶች፣ መናፈሻዎች፣ ድልድዮችና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠሩ።

ሊዘጋ የነበረው ጣቢያ

የኒው ዮርክ ከተማ የራሷን ራዲዮ ጣቢያ የከፈተችው ጁላይ 8 ቀን 1924 ነው። ደብልዩ ኤን ዋይ ሲ የተባለው ይህ ጣቢያ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ላይ ተቋቁሞ ከግብር በሚገኝ ገንዘብ ይተዳደር ነበር። ማስታወቂያ አይሸጥም፤ የጤና ምክር፣ የፖሊስ ማሳሰቢያ፣ ትምህርትና ሙዚቃ ያሰማል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥልጣን ላይ የነበሩት ከንቲባ ጆን ሃይላን ተቃዋሚዎቻቸውን ሊነቅፉበት በመጠቀማቸው በፍርድ ቤት ተከሰውበታል። የሕዝብ ጣቢያ የማን ነው? የሚለው ክርክር እንግዲህ ከጣቢያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ላ ጓርዲያ ሥልጣን ሲይዙ ከተማዋ በኢኮኖሚ ድቀቱ ምክንያት ለኪሳራ ተቃርባ ነበር። አዲሱ ከንቲባም ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ጣቢያውን ሊዘጉት አሰቡ። ጉዳዩን ያጠኑ የራዲዮ ባለሙያዎች ግን በሚገባ ቢደራጅ ለከተማው ጠቃሚ ሊሆን እንደሚችል በማመልከታቸው ሐሳባቸውን ለወጡ። በ1937 በፌዴራሉ የሥራ ፈጠራ መርሐ ግብር ድጋፍ በብሩክሊን፣ ግሪንፖይንት በተባለው ሰፈር አዲስ ማሠራጫ ተተከለ፤ ዘመናዊ ስቱዲዮዎችም ተሠሩ። በ1938 ጣቢያው ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆኖ ሞሪስ ኖቪክ በኃላፊነት ተሾሙ። ከ1940 ጀምሮም በየዓመቱ የአሜሪካ ሙዚቃ በዓል ይቀርብበት ጀመር።

የአንድ ታሪካዊ የድምፅ ክምችት መኖር አለመኖር አንዳንድ ጊዜ በበጀት ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። በ1934 ጣቢያው ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የምንመለከታቸው ንግግሮች የሚነገሩበትም የሚቀረጹበትም ቦታ ባልኖረ ነበር።

የ1935 ፈተና

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ከላ ጓርዲያ ሕይወት ውስጥ ሳይነሣ ሊታለፍ የማይገባው ምዕራፍ የ1935 ዓመት ነው። ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ለመዝመት ስትዘጋጅ በሃርለም የሚኖሩ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን በኦገስት ወር ለኢትዮጵያ ድጋፍ ሰልፍ ወጡ። በዚያው ከተማ የሚኖሩ ብዙ ጣሊያናውያን ስደተኞች ደግሞ በፋሺስቱ መንግሥት ቅስቀሳ ተስበው ወረራውን ደገፉ። ወረራው በኦክቶበር 3 ከተጀመረ በኋላ፣ በዲሴምበር ወር በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለጣሊያን ቀይ መስቀል ገንዘብ ለማሰባሰብ በተጠራው ታላቅ ስብሰባ ላይ ላ ጓርዲያ ተገኝተዋል።

የእርዳታው ስም ሰብአዊ ቢሆንም፣ ስብሰባው ወረራውን የመደገፍ መልክ የነበረው መሆኑ ለዘመኑ ታዛቢዎች የተሠወረ አልነበረም። ላ ጓርዲያ ፋሺስት አልነበሩም። በማርች 1937 ሂትለርን በአደባባይ በማዋረዳቸው የጀርመን መንግሥት ለዋሽንግተን አቤቱታ እስኪያቀርብ ድረስ ተቆጥቷል። ሙሶሊኒን በሚመለከት ግን ጦርነቱ አሜሪካን እስኪደርስ ድረስ ተመሳሳይ ድፍረት አላሳዩም። አብዛኞቹ አጥኚዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት የጣሊያን ተወላጆች የምርጫ ድምፅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይኸው ሰው በአጭር ሞገድ ራዲዮ በጣሊያንኛ ወደ ጣሊያን እየተናገሩ ሕዝቡ ከሙሶሊኒና ከናዚዎች ጎን እንዳይቆም ሲቀሰቅሱ እናገኛቸዋለን። በ1935 የኢትዮጵያ ደጋፊዎች ሊሰሙት ይሹ የነበረው ቃል በማይክሮፎን የተነገረው ኢትዮጵያ ወረራውንም ነጻ መውጣቷንም ባየችበት ዘመን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የእሑድ ንግግሮች

አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ በጃንዋሪ 1942 ላ ጓርዲያ በየሳምንቱ እሑድ ከከንቲባው ጽሕፈት ቤት ሆነው በከተማው ጣቢያ ለሕዝብ መናገር ጀመሩ። ዝግጅቱም ሥልጣናቸውን እስከ ለቀቁበት እስከ 1945 መጨረሻ ድረስ ቀጠለ። በጦርነቱ ምክንያት ምግብ በካርድ ይከፋፈል ስለነበር፣ የንግግራቸው ትልቁ ክፍል የዕለት ጉርስን የሚመለከት ነበር። በሳምንቱ የትኛው ዓሣና አትክልት በብዛት ወደ ገበያ እንደገባ፣ ዋጋው ስንት መሆን እንዳለበት፣ የቤት እመቤቶችም ከተተመነው በላይ እንዳይከፍሉ ይመክራሉ። ቀጥለው ወደ ቁማርተኞች፣ ወደ ሰነፍ ሹማምንትና ወደ ትርፍ አጋባሽ ነጋዴዎች ይዞራሉ።

ድምፃቸው ለራዲዮ የተፈጠረ ነው የሚባል ዓይነት አልነበረም። ቀጭንና ከፍ ያለ ነው፤ ሲቆጡም የበለጠ ይቀጥናል። ቁመታቸውም አጭር ስለነበር በአካል ሲታዩ የሥልጣን ግርማ የሚሰጣቸው ነገር ብዙ አልነበረም። ሆኖም አድማጩ የቤተሰብ አባወራ ከማዕድ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ የሚናገረውን ያህል ይቀርበው ነበር። ንግግሩን ሲዘጉ ዘወትር ሕዝቡን ለትዕግሥትና ለጽናት ያሳስባሉ። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን በከተማዋ ዋና ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ለቆሙት ሁለት የእብነ በረድ አንበሶች ትዕግሥትና ጽናት የሚሉትን ስሞች ያወጡላቸውም እርሳቸው ናቸው።

ራዲዮው ከምግብ ዋጋ ለሚበልጥ ጉዳይም ተፈልጓል። በኦገስት 1943 አንድ ፖሊስ አንድ ጥቁር ወታደር በጥይት በማቁሰሉና ወታደሩ ሞቷል የሚል ወሬ በመነዛቱ በሃርለም ሁከት ተነሣ፤ ስድስት ጥቁር አሜሪካውያንም ሞቱ። ላ ጓርዲያ በሌሊት በየጎዳናው ከመዞራቸው ሌላ በተደጋጋሚ በራዲዮ ቀርበው ወሬው ሐሰት መሆኑን አስረዱ፤ ሕዝቡ ወደ ቤቱ እንዲገባም ለመኑ። ከስምንት ዓመታት በፊት በማርች 1935 በዚያው ሰፈር ሁከት በተነሣ ጊዜ ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚሽን ስለ ሥራ፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ፖሊስ በደል ያቀረበውን ዘገባ በይፋ ሳያወጡት መቅረታቸው ሲታሰብ፣ የ1943 ልመና ዘግይቶ የመጣ መሆኑ አይካድም። የድምፅ ቅጂ ለተመራማሪ የሚሰጠው ጥቅም በዚህ ላይ ይታያል። የጽሑፍ ግልባጭ ምን እንደተባለ ይነግረናል፤ የድካሙን መጠን፣ የትንፋሹን መቆራረጥና በቃላት መካከል ያለውን ዝምታ ግን የሚያቆይልን ሸክላው ብቻ ነው።

ጁላይ 1945

በጁላይ 1945 መጀመሪያ የኒው ዮርክ ጋዜጣ አከፋፋዮች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ለ17 ቀናት ያህል ታላላቆቹ ጋዜጦች ወደ አንባቢ ሊደርሱ አልቻሉም። በዚያ ዘመን ልጆች እሑድን የሚናፍቁት በጋዜጣ ላይ በሚወጡት ተከታታይ የሥዕል ተረኮች ምክንያት ነበር። ላ ጓርዲያም በእሑድ ንግግራቸው መካከል የጋዜጣውን ገጽ ዘርግተው ለልጆች ያነቡላቸው ጀመር። የመርማሪው የዲክ ትሬሲን ታሪክ ሲያነቡ የተኩሱንም የሩጫውንም ድምፅ በአፋቸው እያሰሙ፣ ሥዕሉን በቃል እየተረኩ ነበር። በመጨረሻም በክፉ መንገድ የተገኘ ገንዘብ ለባለቤቱ ዕድል እንደማያመጣ መክረው አሳረጉ።

የዜና ፊልም ካሜራዎች ይህን ንባብ በምስል ስላስቀሩት በሲኒማ ቤቶች ታየ። ከዚያ ወዲህ ስለ ላ ጓርዲያ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ንባብ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለአገሪቱ ታሪክ ከፍተኛ ጠቀሜታ አላቸው ብሎ በሚመዘግባቸው የድምፅ ቅጂዎች የ2007 ዝርዝር ውስጥ የገባውም ይኸው የሥዕል ተረክ ንባብ ነው።

ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም። የሕዝብ ጣቢያ በችግር ጊዜ ለሕዝቡ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን ለአራት ዓመታት ያህል በየሳምንቱ የተነገረው ሁሉ ወደ ጥቂት አስደሳች ደቂቃዎች ሲጠብብ፣ ከምግብ ዋጋ ጋር የታገሉት፣ በሃርለም ሁከት የተጨነቁት፣ በ1935ም የወላወሉት ከንቲባ ከእይታ ይርቃሉ። ለዚህ መድኃኒቱ የቀሩትን ሸክላዎች ማዳንና ለአድማጭ ክፍት ማድረግ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ላ ጓርዲያ ለአራተኛ ጊዜ ሳይወዳደሩ በ1945 መጨረሻ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በማርች 1946 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋም አስተዳደር ዋና ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ። ይህ ድርጅት በ1943 በ44 መንግሥታት ፊርማ ሲቋቋም ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች፤ ኋላም ከእርዳታው ተጠቅማለች። ላ ጓርዲያ በጦርነት በፈራረሱ አገሮች እየተዘዋወሩ እህልና መድኃኒት እንዲደርስ ጣሩ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም በኃላፊነቱ ቆዩ።

ጦርነቱ የራሳቸውንም ቤት አልማረም። በቡዳፔስት ትኖር የነበረችው እኅታቸው ጀማ ላ ጓርዲያ ግሉክ በ1944 በናዚዎች ተይዛ ራቨንስብሩክ በተባለው የሴቶች ማጎሪያ ታሰረች፤ ባለቤቷም በማውትሃውሰን ማጎሪያ ሞተ። ከነጻነት በኋላ ወደ አሜሪካ ለመግባት ተራዋን መጠበቅ ነበረባት፤ ወንድሟ ከሌሎች ተፈናቃዮች አስቀድመው ልዩ መብት ሊያሰጧት አልፈቀዱም። በ1947 ኒው ዮርክ ስትደርስ ወንድሟ በጠና ታመው ነበር። ላ ጓርዲያ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1947 በቆሽት ካንሰር፣ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በብሮንክስ በሚገኘው በውድሎን መካነ መቃብርም ተቀበሩ። ያወረሱት ሀብት በዕዳ የተያዘ ቤትና 8,000 ዶላር የሚያወጣ የጦርነት ቦንድ ብቻ መሆኑ የንጽሕናቸው ምስክር ተደርጎ ይነገራል።

የሸክላዎቹ ዕጣ

በእነዚያ ዓመታት የራዲዮ ጣቢያዎች ለቀረጻ የሚጠቀሙበት ዋና ቁስ ላከር የተቀባ ሸክላ ነበር። ማግኔታዊ ክር በአሜሪካ ጣቢያዎች የተስፋፋው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ላከር የተቀባው ሸክላ ውስጡ የአሉሚኒየም ዝርግ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ለስላሳ ቅብ አለው፤ የመቅረጫው መርፌም ድምፁን በዚህ ቅብ ላይ ይፍቃል። 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጣቢያ ሸክላ በአንድ ገጹ 15 ደቂቃ ያህል ይይዛል። ስለዚህ ለግማሽ ሰዓት ንግግር ሁለት ገጽ ያስፈልጋል።

ይህ ቁስ ሦስት ድክመቶች አሉት። የመጀመሪያው፣ ቅቡ እንዳይደርቅ የሚጨመርበት የጉሎ ዘይት በጊዜ ብዛት እየተለወጠ በገጹ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል አሲድ ያወጣል። ሁለተኛው፣ ቅቡ ሲኮማተር ከሥሩ ያለው ዝርግ አብሮት ስለማይኮማተር ይሰነጠቃል፣ ይላላጣል፤ አንድ ጊዜ የተላጠ ሸክላም ተመልሶ አይሰማም። ሦስተኛው፣ በጦርነቱ ጊዜ አሉሚኒየም ለአውሮፕላን ሥራ ስለተፈለገ ሸክላዎቹ በመስተዋት ዝርግ ላይ ይሠሩ ነበር፤ እነዚህም ከእጅ ከወደቁ ይደቅቃሉ። የላ ጓርዲያ የእሑድ ንግግሮች የተነገሩት በዚሁ የመስተዋት ዘመን መሆኑ አሳሳቢነቱን ያጎላዋል። በተጨማሪም ለስላሳው ቅብ በተሰማ ቁጥር በመርፌው ይጎዳል፤ በብዛት የተወደደው ሸክላ በብዛት ያረጃል።

ከእነዚህ ሸክላዎች የተረፉት በኒው ዮርክ ከተማ ቤተ መዛግብትና በራሱ በጣቢያው እጅ ይገኛሉ። ከተማው በ1995 ጣቢያውን ከይዞታው ለማውጣት በወሰነ ጊዜ፣ ጣቢያው ለንግድ ባለቤቶች እንዳይተላለፍ በአድማጮች መዋጮ የሚደገፈው ፋውንዴሽን በ20 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ። በ2000 ጣቢያው የራሱን የቤተ መዛግብት ክፍል አቋቋመ፤ ከከተማው ቤተ መዛግብት ጋር በመተባበርም የቆዩ ሸክላዎች ወደ ዲጂታል ቅጂ ተገልብጠው ለሕዝብ ክፍት እየሆኑ መጥተዋል።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ሸክላው በተስማሚ ፈሳሽ ይታጠባል፤ ከጉድጓዱ ስፋት ጋር የሚገጥም መርፌ ይመረጣል፤ ከዚያም ድምፁ ሳይታመቅና ሳይዋብ እንዳለ ይገለበጣል። ጫጫታውን የማጽዳት ሥራ የሚሠራው በሌላ ቅጂ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ አይነካም። ተናጋሪው፣ ቀኑ፣ ቦታውና የሸክላው ሁኔታ ከድምፁ ጋር ይመዘገባሉ። ይህ ዝርዝር የሌለው ቅጂ ከጥፋት ቢተርፍም ለምርምር አያገለግልም። ዲጂታል ቅጂውም በተለያዩ ሥፍራዎች መቀመጥና በየጊዜው መፈተሽ ያስፈልገዋል። እጅግ የሚያስቸግረው ከቴክኒኩ ይልቅ ምርጫው ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማዳን ስለማይቻል ቶሎ የሚበላሸው ይቅደም ወይስ ስመ ጥሩው? በሚለው ላይ መወሰን ግድ ይሆናል። የላ ጓርዲያ ታሪክ የሚያስተምረው ሁለተኛው መንገድ ብቻውን ሲወሰድ ትውስታችን ምን ያህል እንደሚጠብብ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ አጭር ቅኝት ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ የሕዝብ ራዲዮ የድምፅ ክምችት የሚጀምረው ጣቢያውን በሕይወት ለማቆየት ከሚወሰደው አስተዳደራዊ ውሳኔ ነው። ሁለተኛው፣ የተቀረጸ ድምፅ የአንድን መሪ ብርታትም ድክመትም ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ የማዳን ሥራው በተወደዱት ክፍሎች ላይ ብቻ ሊወሰን አይገባም። ሦስተኛው፣ የቁሱ መበላሸት ኬሚካላዊ ሂደት በመሆኑ ተመራማሪው እስኪዘጋጅ አይጠብቅም።

በአገራችንም የራዲዮ ሥርጭት የተጀመረው ላ ጓርዲያ የከተማቸውን ጣቢያ መልሰው በሚያደራጁበት ዘመን፣ በ1935 ነው። ከዚያ ወዲህ በሸክላና በክር የተቀረጹ ድምፆች ሁሉ ከላይ ለተገለጸው ዓይነት ብልሽት የተጋለጡ ናቸው፤ ክሩም ቢሆን እርጥበት ሲያገኘው የማግኔቱ ዱቄት የተጣበቀበት ሙጫ ይለቃል። የታሪክ፣ የጋዜጠኝነት፣ የሥነ ልሳንና የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በዚህ ረገድ ሊያበረክቱት የሚችሉት ሥራ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ አንድ መደርደሪያ መርጦ በእያንዳንዱ ሸክላና ክር ላይ የተጻፈውን ስም፣ ቀንና የዝግጅት ዓይነት ቢመዘግብ፣ የተሰነጠቀውንና የሻገተውን ለይቶ ቢያመለክት፣ ለመገልበጥ ገንዘብ በሚገኝበት ቀን ሥራው ከየት እንደሚጀመር የሚያሳይ ዝርዝር ይኖረናል።